ጨጓራችን ሳይለካ ጥያቄያችን አይዘጋ

ይድረስ ለሕክምና ወጪ ሽፋን ውሳኔ ሰጪ ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለጋስትሮፓሬሲስ የሚደረገው የኢንዶስኮፒ ሕክምና ሽፋን በጅምላ ስለመከልከሉ

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር ከእናንተ ዘንድ የወጣ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለብዙዎቻችን ደረሰ። የሚለያየው ስማችንና የመዝገብ ቁጥራችን ብቻ ነው። የቀረው ቃል በቃል አንድ ነው። «የተጠየቀው ሕክምና ገና በሙከራ ላይ ያለ በመሆኑ ሽፋን አያገኝም» ይላል። ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ማኅተም። አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሌላዋ ቀዶ ሕክምና አልፎባታል። ሦስተኛው የሕመሙ መንስኤ እስከ ዛሬ አልታወቀለትም። የሁላችንም መልስ ግን ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ።

ይህን የምጽፈው ጨጓራቸው ምግብን በጊዜው የማያሳልፍላቸውን ሰዎች ወክዬ ነው። ሐኪሞች ሕመሙን ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። እኔም ታማሚ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በተናጠል ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ ነው ወደ ግልጽ ደብዳቤ የመጣነው።

አስቀድሜ ሕመሙን ላስረዳ። «ጨጓራ አለብኝ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚመጣለት ማቃጠልና ቁስለት ነው። የእኛ ሌላ ነው። ጨጓራ ጡንቻ ነው። የላይኛው ክፍሉ ምግቡን ተቀብሎ ያቆያል። የታችኛው ክፍሉ እያሸ እየፈጨ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር እስኪሆን ያደቀዋል። መውጫው ላይ ፓይሎረስ የሚባል የጡንቻ በር አለ። በሩ የደቀቀውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቃል። እኛ ጋ ይህ ሥርዓት ተዛብቷል። አንዳንዶቻችን ጡንቻው ደክሞብናል። አንዳንዶቻችን በሩ በጊዜው አይላላልንም። ሁለቱም ያለብን አለን። መንገዱን የዘጋ እጢ ወይም ጠባሳ የለም። ምግቡ ግን አይሄድም።

ሦስት ማንኪያ ቀምሰን እንጠግባለን። ሆዳችን ይነፋል። ማቅለሽለሹ ጠዋት አብሮን ይነሳል፣ ማታ አብሮን ይተኛል። ትናንት ምሳ ላይ የበላሁትን ዛሬ ጠዋት እንዳለ አስታውኬ አውቃለሁ። የሥራ ስብሰባ መሀል ተነስቼ መሮጥ ስለሰለቸኝ ስብሰባ ባለበት ቀን ምንም ሳልበላ እውላለሁ። ልጆቼ ገበታ ላይ ሲቀመጡ የእኔን ሳህን ማየት ትተዋል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን «በሙከራ ላይ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

የጠየቅነው ሕክምና ጂ-ፖየም ይባላል። ሆድ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚሠራ ነው። ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል። ሐኪሙ በአፍ ባስገባው መሣሪያ ከመውጫው በር ጥቂት ሴንቲሜትር ቀደም ብሎ የጨጓራውን የውስጥ ሽፋን ይሰነጥቃል። ከሽፋኑ ሥር ጠባብ ዋሻ ይከፍታል። በዋሻው ውስጥ በሩ ድረስ ሄዶ ጡንቻውን ይቆርጣል። ሲጨርስ የገባበትን ስንጥቅ በክሊፕ ይዘጋል። ልምድ ባለው እጅ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ታማሚው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሆስፒታል አድሮ ይወጣል።

ዘዴው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ የዋሻ መንገድ የምግብ ቧንቧን የታችኛ ጡንቻ ቆርጠው አካላዢያ የሚባለውን የመዋጥ ችግር አከሙ። ያ ሕክምና ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በ2013 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዶክተር ሙኤን ካሻብና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ዘዴ ወደ ጨጓራ በር አወረዱት። ለጋስትሮፓሬሲስ በሰው ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ጂ-ፖየም ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል።

«ዓመት መቆጠሩ ማስረጃ አይሆንም» ብትሉ እውነት አላችሁ። ማስረጃውን እንይ። በቼክ ሪፐብሊክ ሐኪሞች የመሩት አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሕመማቸው የከበደ 41 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጂ-ፖየም ተሠራላቸው። የቀሩትም እንዲሁ ተኝተው ኢንዶስኮፒ ገባላቸው፤ ጡንቻው ግን አልተቆረጠም። ታማሚዎቹ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ይህ ለእኛ ሕመም ትልቅ ነገር ነው። ማቅለሽለሽን የሚናገረው ታማሚው ራሱ ነው። «ታከምኩ» ብሎ በማመኑ ብቻ ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ የማስመሰያው ቡድን ከሌለ እውነቱ አይለይም። ከስድስት ወር በኋላ ጂ-ፖየም ከተሠራላቸው 71 በመቶው ተሻላቸው። ከማስመሰያው ቡድን የተሻላቸው 22 በመቶ ናቸው። «ተሻለው» የተባለው ከ0 እስከ 5 የሚሰጠው የሕመም ምልክቶቹ ነጥብ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰለት ሰው ነው። በኋላ ከማስመሰያው ቡድን 12 ሰዎች እውነተኛውን ሕክምና ወሰዱ። ከእነሱም 75 በመቶው ተሻላቸው።

በስሜት ብቻም አልቀረም። ከምግብ በኋላ አራተኛው ሰዓት ላይ ጨጓራ ውስጥ የሚቀረው መጠን ሕክምናውን ባገኙት ዘንድ ከ22 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወርዷል። በማስመሰያው ቡድን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያም መድኃኒት ላልረዳቸው ታማሚዎች ዝም ብሎ ከመተው የበሩን ጡንቻ መቁረጥን ይመርጣል።

አሁን ደግሞ የማይመቸንን እንናገር። ጂ-ፖየም ለሁሉም አይሠራም። በአምስት ማዕከሎች 80 ታማሚዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት አለ። እሱም በ2022 ነው የወጣው። በዓመቱ ውጤቱ የጸናላቸው 56 በመቶ ነበሩ። ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ማለት ነው። መድማት፣ የጨጓራ መበሳት፣ ቁስለት ሊያጋጥም ይችላል። ለሁሉም የማይሠራውም ሕክምናው በሩን ይከፍታል እንጂ የደከመውን ጡንቻ ስለማያድስ ነው። በሩ ላልሆነበት ሰው በር መክፈት ብዙ አይረዳም።

እዚህ ላይ ነው ከእናንተ የምንለየው። እናንተ ይህን ቁጥር አይታችሁ «ስለዚህ ለማንም አይፈቀድ» ያላችሁ ይመስላል። ቁጥሩ ግን የሚለው «ምረጡ» ነው። ያው ጥናት ሊሻለው የሚችለው ማን እንደሆነ ጠቁሟል። የምልክቶቻቸው ነጥብ ከ2.6 በላይ የሆነና አራተኛው ሰዓት ላይ ከ20 በመቶ በላይ ምግብ የሚቀርባቸው ሰዎች የተሻለ ዕድል ነበራቸው። የመጀመሪያው ጥናት ውስጥም የስኳር ሕመምተኞቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከታመሙት በላይ ተጠቅመዋል። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ መደገፍ አልፈልግም። እኔ ራሴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከታመሙት ወገን ነኝ። ሆዴ ሲታከም ጨጓራን የሚያዘው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ተጎዳ። ተመርምሬ «አንቺን አይረዳሽም» ብባል አምኜ እቀበላለሁ። ያልተቀበልኩት ሳልመረመር መከልከሌን ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ምርመራው ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ከመካከላችን አንድ ወንድማችን «የጨጓራ ፍጥነት ምርመራህ መደበኛ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ወረቀቱን ይዞ መጣና አየነው። ምርመራው የቆመው በ90 ደቂቃ ነው። እስቲ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ታማሚው ስቡ በጣም ያነሰ ምግብ ይበላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የእንቁላል ነጭ ነው። ምግቡ ውስጥ ቴክኒሺየም የሚባል በጣም ጥቂት የጨረር ምልክት አለ። ካሜራው ምልክቱን እየተከተለ ምን ያህሉ ጨጓራ ውስጥ እንደቀረ በየሰዓቱ ይለካል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከ60 በመቶ በላይ፣ ወይም አራተኛው ሰዓት ላይ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል። ምርመራው እስከ አራት ሰዓት እንዲሄድ የአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ጨጓራቸው በመጀመሪያው ሰዓት ደህና መስሎ ኋላ ላይ የሚቆም ሰዎች አሉ። በአጭር ምርመራ አይታወቁም።

ወንድማችን ተበድሮ በራሱ ወጪ ሙሉውን ምርመራ አሠራ። አራተኛው ሰዓት ላይ ከሲሶ በላይ ምግብ ጨጓራው ውስጥ ነበር። ውጤቱን አያይዞ ላከላችሁ። «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል መልስ ደረሰው። መደበኛ ነው ብላችሁ የዘጋችሁት መዝገብ መደበኛ እንዳልሆነ ከተረጋገጠ የሚዘጋበት ምክንያት ምን ቀረ?

በተቃራኒው የሆነም አለ። አንዲት እህታችን ለወገብ ሕመሟ ከኦፒዮይድ ወገን የሆነ ጠንካራ ማስታገሻ ትወስድ ነበር። ምርመራው «በጣም ዘግይቷል» አለ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ከሐኪሟ ጋር አቆመች። ሲደገም ጨጓራዋ ወደ ጤነኛው ተጠግቶ ተገኘ። ጂ-ፖየም አላስፈለጋትም። እኛም ደስ አለን። ለክብደትና ለስኳር የሚወጉ አንዳንድ አዳዲስ መድኃኒቶችም ጨጓራን ያዘገያሉ። በምርመራው ዕለት ስኳር ከፍ ካለም ውጤቱ ይሳሳታል፤ ከ275 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ምርመራው ሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል። ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የማይገባው ሰው ሕክምናውን አያገኝም፤ የሚገባውም አይቀርበትም ነበር። በላካችሁልን የማመልከቻ ቅጽ ላይ ግን ስለ ምርመራው ያለው ጥያቄ «ተመርምሯል / አልተመረመረም» የሚል ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደፈጀ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የምንወስዳቸው መድኃኒቶች የሚጻፉበትም የለም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት። ለአንዳንዶቻችን «የመድኃኒት አማራጮች ተሟጠው አላለቁም» የሚል መስመር ተጨምሮልናል። ተሟጠዋል። እኛ ዘንድ የሚታወቁት አማራጮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሜቶክሎፕራሚድ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ ብቸኛው መድኃኒት ነው። የዚያ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከፊትና ከምላስ የሚጀምር፣ ሰው ሊቆጣጠረው የማይችለው እንቅስቃሴ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድ አይመከርም። ኤሪትሮማይሲን መጀመሪያ ላይ ጨጓራን ያንቀሳቅሳል። ሰውነት ሲለምደው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ዶምፔሪዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል በኢሲጂ (በልብ ምት ምርመራ) ክትትል የሚሰጥ ነው።

ከእኛ አንዷ መምህርት ናት። «መድኃኒት ሞክሪ» ስትባል ሜቶክሎፕራሚድን ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደች። አሁን ከንፈሯ በራሱ ያኝካል። ተማሪዎች ፊት መቆም አሳፍሯት ከክፍል ወጥታ ቢሮ ገብታለች። ጨጓራዋም አልተሻለም። የእናንተ ደብዳቤ የደረሳት ከዚህ በኋላ ነው። እሷም «አማራጮች አላለቁም» ተባለች። ደብዳቤውን ስታነብልን ድምፅዋ አልወጣ ብሎ መጨረሻውን እኔ ነኝ ያነበብኩት።

አራተኛው ቅሬታ የምትከፍሉለትን ይመለከታል። ሽፋን ሙሉ በሙሉ እንደማትነፍጉን እናውቃለን። ስናስታውክ ሰንብተን ሰውነታችን ውሃ ሲያልቅበት ድንገተኛ ክፍል እንገባለን። ጉሉኮስ ይሰቀልልናል፣ የማስታወክ ማቆሚያ መርፌ እንወጋለን፣ በማግስቱ እንወጣለን። በሁለት ሳምንት እንመለሳለን። ይህ ሁሉ ይሸፈናል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ጨጓራው እዚያው እንዳለ ነው።

ቦቶክስም ትሸፍናላችሁ። ጡንቻን የሚያላላ፣ በጨጓራው በር ላይ በኢንዶስኮፒ የሚወጋ መድኃኒት ነው። ለሁለት ሦስት ጊዜ የተወጉ አሉን። በዕጣ ተከፍለው የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ቦቶክስ ከማስመሰያ መርፌ እንደማይበልጥ አሳይተዋል። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ መመሪያም ለዚህ ሕመም አይመክረውም። ታዲያ ከማስመሰያ እንዳልበለጠ የታየው ይሸፈናል፣ ከማስመሰያ እንደበለጠ የታየው «በሙከራ ላይ» ይባላል። ይህን ለታማሚዎቻችን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። አስረዱን።

ሌላዋ የሦስት ልጆች እናት ናት። ክብደቷ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ በሚገባ ቱቦ መመገብ ጀመረች። ቱቦው ሕይወቷን አቆይቷል፤ አመስጋኝ ናት። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከፓምፕ ጋር ታስራ ታድራለች። ቱቦው ሁለት ጊዜ ተዘግቶ፣ አንድ ጊዜ ቦታውን ለቆ ተመልሳ ገብታለች። ሐኪሟ ጂ-ፖየም እንዲሞከርላት የጻፈው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ነበር። ቢሠራላት ይሻላት ነበር ማለት አልችልም። ዕድሉን ሳታገኝ ቱቦው ገባ። የቆጨን ይህ ነው።

የስኳር ሕመምተኛውን ወጣት ሳልጠቅስ አላልፍም። ስለሱ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ኢንሱሊን የሚወጋው ምግብ ሊበላ ሲል ነው። ምግቡ ግን ከጨጓራው አይወጣም። ኢንሱሊኑ ሥራውን ይጀምራል፣ ከምግቡ ወደ ደሙ የገባ ስኳር ግን የለም። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ይወድቃል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ስኳሩ ጣሪያ ይነካል። ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ ጨጓራውን መልሶ ያዘገየዋል። እናቱ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታ ጣቱን እየወጋች ትለካለታለች። «ስኳርህን በሥርዓት ተቆጣጠር» የሚል ምክር በደብዳቤያችሁ ግርጌ አለ። ምክሩ ትክክል ነው። ልጁ ስኳሩን መቆጣጠር ያቃተው ግን ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም። ምግቡ መቼ ከጨጓራው እንደሚወጣ ማንም ሊነግረው ስለማይችል ነው።

የመጨረሻው ስለ አመላለሳችሁ ነው፤ አላስረዝመውም። ደብዳቤዎቹ ማን እንደወሰናቸው አይናገሩም። ውሳኔውን ያየው የጨጓራና አንጀት ሐኪም ይሁን የሒሳብ ሠራተኛ አናውቅም። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልተጻፈም። ስልክ ስንደውል «በጽሑፍ አቅርቡ» እንባላለን፤ በጽሑፍ ስናቀርብ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ «ይሄ የጭንቀት ነው፣ ዘና በይ» ተብላ ተመልሳለች። የጨጓራዋ ፍጥነት የተለካበት ወረቀት እጇ ላይ ነበር።

ከዚህ ተነስተን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ባለፈው ወር ለሁላችንም የተላከው ውሳኔ ይነሳ። እያንዳንዱ መዝገብ እንደገና ይታይ። የሚያየውም የጨጓራ እንቅስቃሴ ሕመምን የሚያውቅ የጨጓራና አንጀት ሐኪም ይሁን። ሁላችንም ይፈቀድልን አላልንም። ሁላችንም እንታይ ነው ያልነው።

መስፈርት ይውጣ፤ ወጥቶም ይለጠፍ። እኛ መስፈርቱ ጠበቅ ቢል አንከፋም። ኢንዶስኮፒ ተሠርቶ መንገዱን የዘጋ ነገር እንደሌለ ይረጋገጥ። የአራት ሰዓት ምርመራ ይቅረብ። ጨጓራን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ተለይተው የሚቻለው ይቁም። የስኳር ሕመምተኛው ስኳር በምርመራው ዕለት ይታይ። የምልክቶቹ ነጥብ ይሞላ። የአመጋገብ ለውጥና መድኃኒት ተሞክሮ አለመርዳቱ ይጻፍ። መሣሪያው ባለበት ቦታ የጨጓራው በር ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚለካው ምርመራም ይታከል። ይህን ሁሉ አልፎ ሐኪሙ «ይሠራለት» ያለው ሰው ግን አይከልከል።

የአራት ሰዓቱ ምርመራ ሽፋን ያግኝ። ከዚያ ባነሰ ምርመራ «መደበኛ ነህ» ተብሎ ማንም አይመለስ። እንዲህ የተዘጉ መዝገቦችም ይከፈቱ። የወንድማችን መዝገብ ከእነዚህ የመጀመሪያው ይሁን።

ሜቶክሎፕራሚድን ከ12 ሳምንት በላይ እንድንወስድ የሚያስገድድ መስመር ከደብዳቤዎቻችሁ ይውጣ። ከመድኃኒቱ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የነርቭ ሐኪም እንዲያያቸው ሽፋን ይሰጣቸው።

ሕክምናው የሚሠራው በሥልጠናውና በልምዱ በተረጋገጠ ሐኪም ይሁን። የማደንዘዣ ባለሙያና ችግር ሲፈጠር የሚደርስ ቀዶ ሐኪም ባለበት ቦታ ብቻ ይሠራ። የተሠራለት ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ክትትል ይደረግለት፤ ውጤቱም ይመዝገብ። ያልተሻለውም ይቆጠር። ከዓመት በኋላ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን። ጥሩ ካልሆነ እኛም እንቀበላለን።

ለጂ-ፖየም የማይሆኑት እንዳይረሱ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ዛሬ ለእኛ አይሸፈንም። ፈሳሽና የላመ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ መውሰድን በሥርዓት የሚያስተምር ሰው ያገኙ ጓደኞቻችን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመላለሱት ቀንሷል። ይህ እስከ አሁን ያለመሸፈኑ ይገርመኛል።

የመከልከል ደብዳቤ ሲወጣ ምክንያቱ በታማሚው ልክ ይጻፍ። የወሰነው ባለሙያ ሙያ ይገለጽ፤ ይግባኙ ለማን እንደሚቀርብና በስንት ቀን እንደሚመለስም ይካተት።

ለዚህ ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን። ከእኛ ሦስት ሰዎች ቀርበው ሊያነጋግሯችሁ ዝግጁ ናቸው። መምህርቷ፣ በራሱ ወጪ የተመረመረው ወንድማችንና እኔ ነን። የሕክምና ማስረጃዎቻችንን ይዘን እንመጣለን። ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ ብታደርጉልን ደግ ነው። ጠዋት ጠዋት ያስታውከናል።

ከሰላምታ ጋር

የጋስትሮፓሬሲስ ታማሚዎች መደጋገፊያ ቡድን አስተባባሪ